ክፍል ሁለት ቀድሞ ሲደርስ

ክፍል ሁለት አርሲ ውስጥ ያለችው ከተማችን ሁሩታ የሚደርሰው ከክፍል አንድ ቀድሞ ነበር። ክፍል አንድ ጨርሶ የማይመጣበት ጊዜም ነበር። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ከአሰላ ወይም ከናዝሬት (ከዛሬዋ አዳማ) ካሴት ሲያመጣ ያገኘውን ነው የሚያመጣው፤ መምረጥ የሚባል ነገር የለም። በሩ ላይ በተደገፈው ሰሌዳ፣ በጠመኔ ከተጻፈው ርእስ ጎን «2» የሚል ቁጥር ካለ፣ ያ ቁጥር ታሪኩን ከመካከሉ ልንጀምረው መሆኑን አያስጠነቅቀንም። እንዲያውም ያስጎመጀን ነበር። ሰው አንድን ነገር ደግሞ የሚሠራው የመጀመሪያው ስለተወደደለት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ከአንድ ይበልጣል፣ ሦስትም ከሁለት። በዚህ ስሌት «ራምቦ 3» ሲመጣ ደስ የሚለው እንጂ ሁለተኛው አመለጠኝ ብሎ የሚያዝን አልነበረም።

ይህን የማነሣው ለትዝታ ብዬ አይደለም። በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ ተከታይ ፊልሞች፣ በተለይም ከሌላ ዓለም ስለመጡ ዕቃዎች የሚተርኩት፣ በየአገሩ የሚገጥማቸው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። እንደ መጀመሪያው አይደለም ይባላሉ። ዕቃው ፕላስቲክ መሆኑ ያስታውቃል ይባላሉ። ምሥጢሩን ገልጠው አበላሹት ይባላሉ። ሦስቱም ቅሬታዎች ከጀርባቸው አንድ ተመልካች አለ፤ ክፍል አንድን ያየ፣ ውድ ፊልም የለመደ፣ ያልተፈታውን ምሥጢር ይዞ ጥቂት ዓመት የቆየ። የሁሩታው ተመልካች ከሦስቱ አንዱም አልነበረም። ደፍሬ ልናገረውና፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ከዚያ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ካለው ተመልካች ይልቅ የተዘጋጀው እሱ ነበር።

የካራቴ ፊልም ከየትም ቢጀመር ችግር የለውም። መምህሩ የተገደለበት ሰው ይበቀላል፤ አክተር አይሞትም። ከሰማይ የወደቀ ዕቃ ያለበት ፊልም ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሥራ ዕቃውን ፊታችን አስቀምጦ ምንነቱን አለመናገር ነው። የሁለተኛው ክፍል ሥራ መናገር ነው፤ ካልተናገረ ለምን ተሠራ? ከሁለተኛው የሚጀምር ሰው እንግዲህ ጥያቄው ሳይደርሰው መልሱ ይደርሰዋል፤ መልስ መሆኑን ግን አያውቅም። ነጭ ካፖርት የለበሰው ሰውዬ ወደ ድንጋዩ እያመለከተ ረጅም ንግግር ሲያደርግ፣ ክፍል አንድን ላየ ሰው ነገሩ እየተፈታ ነው። ለእኛ ገና እየተቋጠረ ነበር።

ቋንቋውም አለ። የፊት አግዳሚ ላይ የተቀመጠ አንድ ተማሪ እንግሊዝኛውን በአማርኛ ይመልሳል፤ የገባውን ከፊልሙ፣ ያልገባውን ከራሱ። ከኋላ «ማል ጄዴ?» የሚል ይነሣል፤ ምን አለ ማለቱ ነው። ጎኑ ያለው ሰው አማርኛውን በኦሮምኛ ያደርስለታል፤ እሱም የበኩሉን ይጨምርበታል። የሳይንቲስቱ ንግግር የኋላው ግድግዳ ጋ ሲደርስ ያ ድንጋይ ከፊት ላሉት ቦምብ ነው፣ ከመካከል እንቁላል ነው፣ ከኋላ ደግሞ የአንድ የጠፋ ንጉሥ ሣጥን። ሦስቱም ወገን ፊልሙን እስከ መጨረሻው ተከታትሎ፣ ሁሉም ነገር ገብቶት ይወጣል። ጭቅጭቁ የሚጀመረው ውጭ ነው፤ እስከ ሠፈር ድረስም ይዘልቃል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው የዚህን ጭቅጭቅ ቅርጽ ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ ንባቡን ይዞ አንድ ፍች ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» ይልና ሌላ ይጨምራል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። ሁለተኛው ፍች የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ጎኑ ይቀመጣል። በእርግጥ አንድምታ ሥርዓት አለው፣ ወሰን አለው፣ ከመምህር የተቀበሉት ነው፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ የሚነገረውን የሚገታ መምህር የለም፤ ቤቱም የክርስቲያኑና የእስላሙ ነበር። የማመሳስለው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንድ ነገር ብዙ ፍች ሲያቅፍ በሁለቱም ቤት ማንም አይደነግጥም።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚመጣ ስሕተት አለ። ተመልካች ምሥጢር ይወዳል፣ ስለዚህ ዕቃው ሳይፈታ ይቅር የሚል። የፊልም ተቺዎች ይህን ማለት ይወዳሉ። እኔ ግን ምሥጢርን ምሥጢር አድርጎ ትቶ የሄደ ሰው አይቼ አላውቅም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ ሶዶ ውስጥ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ቁጥራቸው 36 ነው፤ አብዛኞቹ ጎራዴና ሌላ ሌላ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። የተከሏቸው ሰዎች የጻፉልን ነገር የለም። የአካባቢው ሰው ግን ባዶውን አልተወውም፤ የግራኝ ድንጋይ ብሎ ባለቤት ሰጣቸው። ቆፋሪዎች ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር አገኙ፤ ዘመኑም ከግራኝ አሕመድ የቀደመ ሆነ። ያ ስያሜ እንደ ታሪክ ሲመዘን ይወድቃል። እንደ ተመልካች ሥራ ሲታይ ግን የሚጠበቅ ነው። ሰው የማያውቀው ዕቃ ፊት ሲቆም አፉን ከፍቶ አይቀርም፤ ባለቤት፣ ዓላማና ዋጋ ይሰጠዋል። የሚወደው መፍታቱን ነው፤ የሚቆጣውም ሌላ ሰው ፈትቶ ሲሰጠው ነው።

ለዚህ ከርካሽ ፊልም ይልቅ ውድ ፊልም ይመሰክራል። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳየው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ውስጥ አንድ ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰሌዳ አለ። ማን እንዳቆመው ፊልሙ አይናገርም። በመጀመሪያዎቹ ማሳያዎች አቋርጠው የወጡ ነበሩ፤ ኩብሪክም ወደ 19 ደቂቃ ቆረጠለት፤ የቆረጠው ለማሳጠር እንጂ ለማስረዳት አልነበረም። ከ16 ዓመት በኋላ በፒተር ሃያምስ አዘጋጅነት «2010» መጣ። ጥቁሮቹ ሰሌዳዎች ተባዝተው ጁፒተርን ያነድዱታል፤ ሁለተኛ ፀሐይ ይሆናል፤ ለሰው ልጅም ይህን አድርግ፣ ያንን አታድርግ የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ፊልሙ መጥፎ አይደለም፤ ገንዘብም አልተቆጠበበትም። ከአዳራሹ የወጣ ሰው ግን መንገድ ላይ ስለ ሰሌዳው የሚጨቃጨቀው ነገር አልተረፈለትም። ስለዚህ ተከታይ ፊልም ላይ የሚነሣውን ቁጣ የገንዘብ እጥረት አመጣው ለማለት ይከብደኛል።

የገንዘብ እጥረት አንዳንዴ እንዲያውም ያድናል። የእንግሊዙ ሃመር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው «ክዋተርማስ 2» በርእሱ ላይ ቁጥር ከለጠፉ የመጀመሪያዎቹ ተከታይ ፊልሞች አንዱ ነው። አዘጋጁ ቫል ጌስት ነበር። ከሰማይ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ ድንጋዮች ይወርዳሉ፤ ያነሣቸው ሰው እጅ ላይ ተሰንጥቀው ጋዝ ይተፉበታል፤ ቆዳው ላይ ምልክት ይቀርበታል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ሰው የራሱ አይደለም። በአቅራቢያው ሰው ሠራሽ ምግብ ይመረትበታል የሚባል ጥብቅ ፋብሪካ አለ። ኩባንያው የሌላ ዓለም ፋብሪካ የሚሠራበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ኤሴክስ ወደሚገኝ የሼል ነዳጅ ማጣሪያ ሄዶ ቀረጸ። ቱቦው እውነተኛ ቱቦ፣ ጋኑ እውነተኛ ጋን ነው። ቢሠሩት ኖሮ ካርቶን መሆኑን ያየ ተመልካች ይስቅበት ነበር። ማጣሪያውን ያየ ግን አይስቅም፤ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ሆኖ ያልፈዋልና። የብቅል ፋብሪካውን ጋኖች እያየ ያደገ የአሰላ ልጅም አይስቅም ነበር።

ስለዚህ ፊልም አንድ የምወደው ነገር አለ። ወደ አሜሪካ ሲሻገር ቁጥሩ ተነቅሎ «ከጠፈር የመጣ ጠላት» የሚል ርእስ ተሰጠው። እ.ኤ.አ. የ1955ቱ የመጀመሪያ ክፍልም እዚያ የታየው በሌላ ስም ነው። ስለዚህ የአሜሪካው ተመልካች ልክ እንደ ሁሩታው ክፍል ሁለትን ሁለተኛ መሆኑን ሳያውቅ አየው። ልዩነቱ፣ እሱን እንዲህ ያደረገው የገበያ ሰዎች ስሌት ነው፤ እኛን ደግሞ የመንገዱ ርቀት።

በዚያው ፊልም ውስጥ ፕሮፌሰር ክዋተርማስ ፋብሪካውን ከሩቅ ሲያይ ይደነግጣል። ጉልላቶቹ እሱ ራሱ በጨረቃ ላይ ሊሠራው የነደፈው፣ ገንዘብ የተከለከለበት ሠፈር ናቸው። ከሌላ ዓለም የመጣው ነገር የራሱ ሥዕል ሆኖ ይጠብቀዋል። ይህን ሳስብ ከፊልም ወጥቼ አርሲ መግባት አልችልም ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን እገባለሁ።

ጭላሎ ተራራ ሥር ያለው አገር ዕቃ ሲወርድበት አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1967 የኢትዮጵያ መንግሥትና ስዊድን በእርዳታ ድርጅቷ በሲዳ በኩል ተስማምተው አሰላ ላይ ካዱን አቋቋሙ፤ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ነው። ምርጥ የስንዴ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ መጣ፣ የተሻሻለ ማረሻና ብድር መጣ። ትራክተሩም አብሮ ተስፋፋ። መግለጫው ግልጽ ነበር፤ ይህ ሁሉ ለትንሹ ገበሬ ነው። መግለጫውን ያወጡት ሰዎች የሚሉትን ያምኑ ነበር፤ በዚህ አልጠረጥራቸውም። ዕቃው ግን ከመግለጫው ውጭ የራሱን ሥራ ሠራ። ስንዴ በትራክተር የሚያዋጣ መሆኑን ያየ ባለመሬት ጭሰኛውን ከመሬቱ አስነሣ። ብዙ አባወራ በጭላሎ አውራጃ ከእርሻው የተፈናቀለው በዚያ ጊዜ ነው። ማሳው ዳር ቆሞ ያንን ማሽን መጀመሪያ ያየው ጭሰኛ ምን እንዳለ የጻፈ የለም፤ ይሁንና ስለ ዕቃው ምንነት የተነገረውና እሱ በኋላ ያወቀው ለየቅል እንደነበሩ ታሪኩ ይናገራል።

ተከታዩም በትንሽ ገንዘብ ነበር። ካዱ ለአንድ አውራጃ ብቻ ብዙ ብር፣ ብዙ ባለሙያ ፈጀ፤ እንዲህ አድርጎ አገሩን ሁሉ ማዳረስ እንደማይቻል ስለታየ እ.ኤ.አ. በ1971 አነስተኛ ፓኬጅ የሚባለው መርሐ ግብር ተጀመረ። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ጥቂት ምክር፣ ጥቂት ብድር፤ የቀረው ተቀነሰ። የ1967 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. የ1975) የመሬት አዋጅ መጥቶ ባለመሬትና ጭሰኛ የሚባለውን ካስቀረ በኋላ ካዱ ራሱ አርዱ፣ የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት፣ ሆኖ ወደ መላ አርሲ ሰፋ። ይህን ከፊልም ጋር እስከ ጥግ ላስኬደው አልፈልግም፤ የሰው ኑሮ ነው። ግን እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው፣ ነጭ ካፖርት የለበሰ ምሁር ስለ አንድ ማሽን ሲያብራራ በግማሽ ጆሮ የሚያዳምጠው እንግሊዝኛ ስለማይችል ብቻ አይመስለኝም። ዛሬ በመኸር ሰሞን ኮምባይነሩ ሄጦሳና ሎዴ ሄጦሳ ሲገባ ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት በኩንታል ስንት እንደሚያስከፍል ነው። ዕቃን ሳያመልኩም ሳይፈሩም ማየት ማለት ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ራሳችን ፊልም። ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ «ክራምብስ»ን፣ ፍርፋሪ ማለት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሮተርዳም ላይ ሲያሳይ የዓለም ጋዜጦች የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሳይንስ ልብወለድ ፊልም እያሉ ጻፉ። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ዳንኤል ታደሰ ካንዲን፣ ሰላም ተስፋዬ ፍቅረኛውን ይጫወታሉ። ዓለም ካለቀች ቆይታለች። ዝገት የበላት ትልቅ መንኮራኩር ለዓመታት ሰማይ ላይ ተንጠልጥላ ትታያለች። ከታች የቀሩት ጥቂት ሰዎች የእኛን ዘመን ፍርስራሽ ይለቅማሉ፤ የኒንጃ ኤሊ አሻንጉሊት፣ የማይክል ጃክሰን ሸክላ፣ የፕላስቲክ ጎራዴ። ማይክል ጆርዳን መሠዊያ ተሠርቶለት ይጸለይበታል። አንድ አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ባለሱቅ ደግሞ አለ፤ በከተማችን ሠፈር ለሠፈር እየጮኸ እንደሚዞረው ቆራሌው ነው፣ ግን የታሪክ መምህርነት ተጨምሮበታል። እያንዳንዱን አሻንጉሊት እያገላበጠ የየትኛው ዘመን ጦረኛ ምን ሲያደርግበት እንደነበር በከባድ ድምፅ ያስረዳል። ሁሉም ስሕተት ነው። ያ ሰው የቪዲዮ ቤቱ ተርጓሚ ነው ብዬ ባስብ የሚቆጣኝ የለም።

ፊልሙ በትንሽ ገንዘብ መሠራቱን አይደብቅም፤ መደበቅም አያስፈልገውም። ሌላ ፊልም ላይ «ኧረ ይሄ ፕላስቲክ ነው፤ ተበላን!» ብሎ የሚጮኽ ተመልካች ቅሬታውን አቀረበ ማለት ነው። እዚህ የጮኸ ግን ታሪኩን ተናገረ። አዎ፣ ፕላስቲክ ነው። ቻይና የተሠራ፣ ሱቅ ደጃፍ ላይ የሚሰቀል፣ ልጅ አልቅሶ የሚያስገዛው። ርካሽነቱ ከፊልሙ ውጭ ያለ ጉድለት ሆኖ አልቀረም፤ ፊልሙ ውስጥ ገብቶ ጉዳዩ ሆኗል። ከሌላ ዓለም የመጡት ዕቃዎች የእኛ ናቸው፤ ከሌላ ዓለም የመጣነው እኛ ነን።

እዚህ ላይ የሁለት ተመልካቾች መንገድ ይለያያል። ፊልሙ በዳሎል፣ በወንጪና በአዲስ አበባ ነው የተቀረጸው። ለሮተርዳሙ ሰው ዳሎል ራሱ ሌላ ፕላኔት ነው፤ ቢጫው ድኝ፣ አረንጓዴው አሲድ፣ ጨው የጋገረው መሬት። የአርሲው ሰው ከ2000 ሜትር በላይ ካለ ብርድ ተነሥቶ፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የዘቀጠውን ያን ቦታ ሲያይ እሱም መገረሙ አይቀርም፤ ቢሆንም የአገሩ ቦታ መሆኑን ያውቃል፤ ጨው የሚቆረጥበት፣ ግመል የሚጫንበት። ወንጪ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ ቤቱ ነው፤ ጉም፣ ገብስ፣ ቁልቁለት። (ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያወጣው «ኢንዱራንስ» የአሰላን ማሳ ለዓለም ሲያሳይ የተገላቢጦሹ ሆኖ ነበር፤ እኛ ዘወትር የምናየውን ኮረብታ ሌላው ሰው እንደ ተረት አገር አየው።) ስለዚህ የሮተርዳሙ ተመልካች አሻንጉሊቱን ያውቀዋል፣ አገሩ ይገርመዋል። የሁሩታው አገሩን ያውቀዋል። አሻንጉሊቱንስ? እሱንም ያውቀዋል፤ ያወቀው ግን ያለ ታሪኩ ነው። የኒንጃ ኤሊውን ከተከታታይ ፊልሙ በፊት በደብተር ሽፋን ላይ አይቶታል፤ ጆርዳንን ከቅርጫት ኳሱ በፊት በሳልባጅ ቲሸርት ላይ ለብሶታል። ካንዲ ዕቃዎቹን የሚያይበት ዓይን የእሱ የልጅነት ዓይን ነው። ያንሶ ይህን ስለ ወደፊቱ ጊዜ አድርጎ ቀረጸው፤ እኔ ሳየው ያለፈው ጊዜ መሰለኝ።

ስለ ዳሎል ፊልሙ የማይናገረው አንድ ነገር አለ፤ ባያነሣውም ከሥሩ አለ። ከዚያው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር ነበር አሞሌ ጨው ተቆርጦ በግመል እየወጣ ለብዙ መቶ ዓመታት በአገራችን ገበያ ገንዘብ ሆኖ የኖረው። ቆላ ላይ የመሬት ቅርፊት የሆነ ነገር፣ ደጋ ሲደርስ በሬ ይገዛ ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። አንድን ነገር ከቦታው ነቅለህ ወደማያውቁት ሰዎች ብትወስደው ዋጋ የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ፍችውም እንዲሁ። ካንዲ ፍርፋሪውን ይዞ ወደ ባለሱቁ የሚሄድበት መንገድ የአሞሌ ነጋዴ መንገድ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ያው አዘጋጅ ያንኑ ተዋናይ ይዞ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው መንገዱን ያሳይሃል» የሚል ፊልም አወጣ። በታሪክ ደረጃ ተከታይ አይደለም። ዳንኤል ታደሰ አሁን በ2035 ታሊን ከተማ የሚኖር፣ ጋጋኖ የሚባል የሲአይኤ ወኪል ነው፤ የኮምፒውተር ዓለም ውስጥ እየገባ ሶቪየት ኅብረት የሚባል ቫይረስ ያሳድዳል፤ ምኞቱ ግን ሥራውን መልቀቅ ነው። ይሁንና «ክራምብስ»ን የወደደ ሰው ሁለተኛውን ሊያይ የሄደው እንደ ክፍል ሁለት ነው፤ ዳሎልን፣ ዝምታን፣ ያችን የዛገች መንኮራኩር ፍለጋ። ያገኘው ኮሪደር፣ ጫጫታና የወረቀት ጭምብል ነው። ወኪሎቹ ወደ ኮምፒውተሩ ዓለም ሲገቡ ከወረቀት የተቆረጠ የአሜሪካ ተዋናዮች ፊት ይለጥፋሉ፤ ጋጋኖ ሪቻርድ ፕራየርን፣ ባልደረባው ሮበርት ሬድፎርድን። ድምፁም ከከንፈራቸው ጋር አይገጥምም፤ ሆን ተብሎ።

ግማሹ ተመልካች በሳቅ ሞተ፣ ግማሹ ተበላሁ አለ። የተበላሁ ባዩን ቅሬታ አልንቅም፤ በመጀመሪያው ፊልም ርካሹ ዕቃ ሰው የሚኖርበት ነገር ነበር፣ በሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ቀልድ ነው፤ ቀልድ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። እኔም ከሁለቱ መጀመሪያውን እመርጣለሁ። ነገር ግን ያ ከከንፈር ያልገጠመ ድምፅ ያናደደው ሰው ቪዲዮ ቤት ያላደገ ነው። ለእኛ ድምፅ የከንፈር ንብረት ሆኖ አያውቅም። ቻይናዊው የካራቴ ጌታ አፉን ከዘጋ በኋላ እንግሊዝኛው ይቀጥላል፤ እንግሊዝኛው ካለቀ በኋላ የተማሪው አማርኛ ይቀጥላል፤ ከዚያ ኦሮምኛው። አንድ ድምፅ አራት ቦታ ያርፋል። የጭምብሉም ነገር እንዲሁ ነው፤ አበሻ በፕራየር ፊት ሲናገር ማየት እንግዳ የሚሆነው ፊልም ውስጥ ያለ ፊት ሁሉ የራሱን ድምፅ ይዞ ይመጣል ብሎ ለሚያምን ሰው ነው።

ታሊን የምትባለው ከተማ በሌላ ፊልምም ትታወቃለች። ፊልሙ የተነሣው ከልብወለድ ነው፤ የስትሩጋትስኪ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጡት በዚያ ልብወለድ ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጡ እንግዶች መንገድ ዳር አርፈው፣ የማይፈለገውን ጥለው ሄደዋል፤ ሰዎች ቆሻሻቸውን ይለቅማሉ። ከዕቃዎቹ አንዱ ባዶ ይባላል፤ ሁለት የመዳብ ሳህኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ምንም የለም፣ ግን አይለያዩም፣ አይቀራረቡም። ለሌላ ነገር የተሠራ ሌላ ዕቃ ደግሞ አለ፤ ሰው መኪናው ላይ ባትሪ አድርጎ ይገጥመዋል፤ መኪናውም ይሄዳል። አንድሬ ታርኮቭስኪ ይህንን፣ ከፊሉን ታሊን ዙሪያ ቀርጾ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 «ስቶከር» ብሎ ለሕዝብ ሲያቀርበው እነዚያን ዕቃዎች ከሞላ ጎደል ከፊልሙ አወጣቸው። ሣር፣ ውሃ፣ የተጣለ ብረትና አንድ ክፍል ቀረ። ከዚህ የበለጠ ርካሽ ከሌላ ዓለም የመጣ ዕቃ የለም፤ ምክንያቱም አይታይም። «የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ የቪዲዮ ቤት ተመልካች ግን ይኖር ነበር፤ ልክም ነው። የሚተረጉመው ነገር ካልሰጡት ምን ይሥራ? እኔ «ስቶከር»ን አደንቃለሁ፣ ሁሩታ ላይ ግን አልከፍተውም።

ድህነትን እያሞገስክ ነው የሚለኝ ይኖራል። በዚያ ጨለማ ክፍል መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ታሪኩ ሊፈታ ሲል ነበር፤ ገንዘብ መልሱ አትመልሱ ጠብ ነበር፤ ቴፑ ካሴቱን በልቶት ግማሹ ሰው መጨረሻውን ሳያውቅ የቀረበት ጊዜ ነበር። በዚያ ውስጥ የነበረ ማንም እንዲህ ይሁንልኝ ብሎ አልመረጠም። ክፍል አንድን ማየት የሚችል ሰው ክፍል አንድን ይይ። የምለው ሌላ ነው። ያ ተመልካች ባጣው ነገር ፋንታ ያገለገለው የራሱ ሥራ ነበር፤ ዕቃውን መፍታት። ፊልሙ ርካሽ ቢሆን ያንን ሥራ አልከለከለውም። የሚከለክለው ተጠናቆ፣ ታሽጎ የሚመጣ ማብራሪያ ነው።

አሁን ያ ማብራሪያ በስልክ ይመጣል። ፊልም በአማርኛ የሚተርኩ ወጣቶች አሉ፤ ጎበዞች ናቸው፤ የሁለት ሰዓቱን ታሪክ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሱታል፤ ያ ዕቃ ምን እንደነበር፣ ማን እንደላከው፣ በክፍል ሁለት ምን እንደሚሆን ይነግሩሃል። እነሱም ከኋላ ጀምረው ነው የሚነግሩን፤ እኛም ከኋላ ነበር የጀመርነው። የፊት አግዳሚው ተማሪ ግን ከኋላው የሚያርመው፣ የሚሰድበው፣ «ውሸትህን ነው!» የሚለው ነበረው። ስልኩ ላይ ያለው ተራኪ አይሰማም፤ በሁሩታም በአዳማም አንድ ነገር ብቻ ይናገራል።

«ክራምብስ»ን ሁሩታ ላይ፣ ትልቅ ክፍል ውስጥ፣ ከብዙ ሰው ጋር ማየት እፈልጋለሁ። አማርኛ ስለሆነ የፊት አግዳሚው ተማሪ ሥራ ፈት ይሆናል፤ «ማል ጄዴ?» የሚለው ብቻ ይቀራል። ስለ መንኮራኩሯ ብዙ የሚባል አይመስለኝም፤ ተንጠልጥላ ዝም ያለች ነገር ለምደናል። ስለ ጆርዳን መሠዊያ ሳቅ ይኖራል፤ አንዳንዱም ፊቱን ያጠቁራል። ሁከት የሚነሣው ባለሱቁ ኤሊዋን እያገላበጠ ታሪኳን ሲያስረዳና ካንዲ ቆሞ ሲያዳምጠው ነው። ያ ታሪክ እውነት መሆን አለመሆኑ ማንንም አያስጨንቀውም። «አትሽጥለት! ሊበላህ ነው!» ብሎ ከኋላ የሚጮኽ ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ ከዚህ በላይ ማን ይሰጠዋል ይላል፤ ከዚያ ዋጋው ስንት መሆን እንዳለበት በሁለት ቋንቋ ክርክሩ ይቀጥላል።